ድምፃዊታችን ጅማ ከመሄዷ በፊት የመጀመሪያ አልበማችንን መቅዳት ሞኝነት ነው?

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ የምንለማመድ አራት ልጆች ነን፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ድምፅ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የምንጫወተው ፖፕ ፓንክ የሚባለውን ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ፓንክ ፈጣን፣ አጭርና ጩኸት የበዛበት የጊታር ሙዚቃ ነው፤ ፖፕ ፓንክ ደግሞ ጩኸቱን ሳይተው መንገደኛ ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ ይጨምርበታል። ጎረቤቶቻችን ግን "እነዚያ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች" ነው የሚሉን።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ድምፃዊታችን የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ ጅማ ወጣላት። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ትሄዳለች። ዘጠኝ ዘፈን አለን፤ አንዱም አልተቀዳም። ድራመሩ "ክረምት ስትመለስ ተዘጋጅተን በደንብ እንቀዳለን" ይላል። ቤዝ የሚጫወተው "አሁን ያልተቀዳ መቼም አይቀዳም" ይላል። እኔ መሀል ቤት ነኝ። እሷ ምንም አትልም፤ ሻንጣ እየገዛች ነው።

ነገሩን ያባባሰብኝ አንድ አልበም ነው። ፒያሳ ሙዚቃ የሚጭንልኝ ልጅ ፍላሼ ላይ የሞላልኝ ዝርዝር ውስጥ ዲሴንደንትስ የሚባል የካሊፎርኒያ ባንድ ነበረበት። የመጀመሪያ አልበማቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ወጥቷል። 15 ዘፈን አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 22 ደቂቃ ነው። ርዕሱ "ማይሎ ጎስ ቱ ኮሌጅ" ይላል፤ ማይሎ ኮሌጅ ገባ እንደ ማለት ነው። ማይሎ ኦከርማን ድምፃዊያቸው ነው። ባዮሎጂ ሊማር እየሄደባቸው ስለነበር ጓደኞቹ የመጀመሪያውን አልበም ርዕስ የስንብት ማስታወቂያ አደረጉት። ሽፋኑ ላይ መነፅር ያደረገ፣ ከረባት ያሰረ ልጅ በጥቁር መስመር ተስሏል። ይኸው ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም።

እኔን ያስገረመኝ ሙዚቃው ብቻ አይደለም። ሰው የመጀመሪያ አልበም የሚያወጣው ሊጀምር ነው ብዬ ነበር የማስበው። እነዚህ ሊለያዩ ሲሉ አወጡት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቦርከና ፦ ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡25

ሻንጣ የገዛች ልጅ መልስ ሰጥታለች። ቅዱ።

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 4፣ ምሽት 4፡02

ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ። የአራቱ ቅኝቶች መንደር ተቀምጦ፣ አምባሰልና ባቲ የሀገርህ ተራራና የሀገርህ ከተማ ስም ሆኖ ሳለ፣ የካሊፎርኒያ ልጆች ጩኸት መኮረጅ ምን ይባላል? ሰው ውኃ ሊቀዳ ሐይቅን ተሻግሮ አይሄድም።

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 4፣ ምሽት 4፡15

ቅር አላለኝም፤ አባቴም በየቀኑ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ግን ከዘጠኙ ሦስቱ በአምባሰል የተሠሩ ናቸው። አውቀን አይደለም፤ ድምፃዊቷ ዜማውን ስታወጣ በራሱ እንደዚያ ይሆናል።

ባስ ብቻ ፦ ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡40

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ኮምቦልቻ ሆኜ ሌሊቱን በቤዝ ስሞክረው ነው ያደርኩት።

ፓንክ ጊታር የሚጫወተው ሙሉ ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ሦስት ድምፆች፣ አይደለም። ፓወር ኮርድ ይሉታል፤ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ መነሻውና አምስተኛው (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብለን ስንቆጥር የዶ አምስተኛ ሶል ነው)። ኮርዱን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሦስተኛው ድምፅ ተነሥቷል። ለምን ቢሉ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ሲከፈት ሦስተኛው ድምፅ ይንጫጫል፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ግን ንጹሕና ወፍራም ሆኖ ይወጣል።

አሁን ይህን ወደ ቅኝቶቻችን አምጡት። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ላ። ከእነዚህ ውስጥ አምስተኛቸውን እዚያው ቅኝት ውስጥ የሚያገኙት የትኞቹ ናቸው? ዶ ሶልን ያገኛል። ዝቅ ያለው ሬ ዝቅ ያለውን ላ ያገኛል። ፋ ዶን ያገኛል። ሶልና ላ ፈልገው ያጣሉ። ሦስት ኮርድ ማለት ነው። ፓንክ ደግሞ ከሦስት በላይ ኮርድ ጠይቆ አያውቅም! ከዶ ወደ ዝቅተኛው ሬ ያለችው የግማሽ ድምፅ ርምጃ በዲስቶርሽን ስትመታ አንገት ታስነቀንቃለች፤ ሞክሩት።

ባቲ ሜጀርም ሦስት ይሰጣል፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ትዝታ ሜጀር አራት ይሰጣል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ። በትዝታ ፋ ስለሌለ ግን የፈረንጆቹ ፖፕ ፓንክ ሁሉ የተሠራበት የኮርድ ዑደት አይገባበትም፤ ፋን ትታችሁ ሬን መተካት አለባችሁ፤ ለእኔ እንዲያውም እንደዚያ ይሻላል።

አንቺ ሆዬ ለኔ ግን አይሞከርም። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው። መነሻው ዶ አምስተኛው የለውም፤ ሶል ዝቅ ብሏልና። ቤቱ መሠረት የለውም ማለት ነው። በፓወር ኮርድ ከተመታ ቅኝቱ እዚያው ይፈርሳል።

ቦርከና ፦ ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡52

ባስ ብቻ ዛሬ ሥራ የለውም?

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 5፣ ረፋድ 4፡30

የባስ ብቻ ሒሳብ ልክ ነው፤ ግን ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምባሰልን ለመዝፈን የማሪቱ ለገሰ ጉሮሮ ባላስፈለገ ነበር። ኦርጋን የነካ ሁሉ ይበቃ ነበር። አምባሰል የሚኖረው ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በሚያደርገው መንቀጥቀጥ ውስጥ ነው፤ መሲንቆው እየተከተለ፣ አንዳንዴም እየቀደመ። ያ ጊዜ ይፈልጋል። አንተ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ዘፈን ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን እንደ በጠሰ መኪና በሚሮጥ ድራም ላይ፣ መንቀጥቀጡን የት ታሳርፈዋለህ? አፅሙ ይቀራል፤ ሥጋው ይሄዳል።

ባስ ብቻ ፦ ጥቅምት 5፣ ቀን 6፡20

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ሐይቅ ዳር አባባ፣ እርስዎ ትክክል የሚሆኑት ድምፁም እንደ ድራሙ የሚሮጥ ከሆነ ነው። መሮጥ ግን የለበትም። ድራሙ በእጥፍ ፍጥነት ሲሄድ ድምፁ በግማሽ ሊራመድ ይችላል። እኛ ችክችካ ስንጨፍር ትከሻና እግር አንድ ፍጥነት ላይ ናቸው እንዴ?

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 5፣ ቀን 6፡31

አባባ አይደለሁም፤ 34 ዓመቴ ነው።

እትዬ ካሴት ፦ ጥቅምት 5፣ ምሽት 1፡15

ልጆቼ፣ እኔ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ፤ ካሴት ሸጬ ልጆች አሳድጌያለሁ። ስለ ቅኝቱ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ስለ ገዢው ልንገራችሁ።

22 ደቂቃ የሆነ አልበም እኔ ቤት ቢመጣ ኖሮ በማግሥቱ ይመለስልኝ ነበር። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ነው። ገዢው ሁለተኛውን ገጽ ገልብጦ ባዶ ሲሆንበት "እትዬ፣ ይኼ አልሞላም" ይለኛል። አንድ ጊዜ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ስድስት ደቂቃ ባዶ የቀረበት ካሴት መጥቶ ስንት ሰው እንደ ተጣላኝ! እኛ አልበም የምንለካው በክብደት ነበር።

ዛሬ ገጽ የለም፤ ሰው ስልኩ ላይ አንዱን ዘፈን መርጦ ይወስዳል። ስለዚህ ማጠሩ አያሳስባችሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእኛ ሀገር አልበም የድምፃዊ ነው። ዋልያስም ሮሃም ዳህላክም ትልልቅ ባንዶች ነበሩ፤ ገዢው ግን መጥቶ "የእገሌን አዲሱን ስጪኝ" የሚለው በዘፋኙ ስም ነው። በባንድ ስም መጠየቅ ሲጀመር ያየሁት ጃኖ "ኤርታሌ"ን ሲያወጣ ነው። የእናንተ ድምፃዊት ጅማ ስትገባ አልበሙ የማን ይሆናል? በማን ፎቶ ይወጣል? ይህን ሳትነጋገሩ አንድም ማይክ አትክፈቱ። ጓደኛ የሚጣላው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በፎቶም ይጣላል።

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 5፣ ምሽት 2፡05

እትዬ፣ ይህን አስበንበት አናውቅም። ዛሬ ማታ ጠየቅኳት። "የእኔን ፎቶ ካወጣችሁ እናቴ ታየዋለች" አለችኝ። እናቷ የምታውቀው መዝሙር እንደምንለማመድ ነው።

ቦርከና ፦ ጥቅምት 5፣ ምሽት 2፡07

እንግዲህ እንደ ማይሎ ሥዕል ይሁንላት።

ወልድያ በር ፦ ጥቅምት 6፣ ጠዋት 3፡20

እኔ የሰርግና የመድረክ ድምፅ አከራያለሁ፤ ሞንታርቦ፣ ሚክሰር፣ ማይክ። አንዳንድ ልጆችንም ቤቴ ቀድቼ አውቃለሁ። ስለ ወጪና ስለ ጊዜ ከፈራችሁ፣ ራሞንስ የሚባሉት የኒው ዮርክ ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን በፈረንጆቹ 1976 የቀዱት በአንድ ሳምንት ገደማና በ6,400 ዶላር ነው። 14 ዘፈን፣ 29 ደቂቃ። በዚያ ዘመን ታዋቂ ባንዶች ለአንድ አልበም ወራት ይፈጁ ነበር። ፓንክ ሲጀመርም ችኮላ ነበር፤ ስለዚህ በችኮላ መቅዳት ነውር አይሆንባችሁም።

ወደ ሥራው ልግባ። የሚሄደው ነገር ድምጿ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀዳው ድምጿ ነው። ጊታር በቀላሉ፣ ያለ ዲስቶርሽን፣ ፍጥነት ጠባቂውን በጆሮ እየሰማችሁ መሪ አድርጋችሁ ቅዱ። በዚያ ላይ ዘጠኙንም ትዝፈን። ድራሙን፣ ቤዙን፣ እውነተኛውን ጊታር እሷ ከሄደች በኋላ በሰፊው ትቀዳላችሁ። መብራት ቢጠፋ፣ ድራሙ ቢበላሽ፣ ሰው ቢታመም፣ ሊተካ የማይችለው እጃችሁ ገብቷል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጥቅምት ነው። የደሴ ሌሊት ሲበርድ ክር ከቅኝቱ ይወጣል። ጊታሩን ከምትቀዱበት ክፍል አታውጡት፤ በየዘፈኑ መሀል ቃኙት። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ጠዋት ፀሐይ ሲነካውና ማታ ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል፤ ማይኩ ያነሣዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል።

የድሮ ከበሮ ፦ ጥቅምት 6፣ ምሽት 12፡50

ወልድያ በር፣ ስለ ድምፅ መቅዳት ከእኔ ትበልጣለህ፤ ስለ ከበሮ ግን አትበልጥም። ለተቀዳ ድምፅ በኋላ የሚመታ ከበሮ፣ ለቀስተኛ ከተበተነ በኋላ እንደሚደርስ ዘመድ ነው። መጥቷል፤ ግን የሚያስተዛዝነው የለም። ዘፋኙ ሲተነፍስ ከበሮው ማየት አለበት።

ጉም በሙጋድ፣ ልጄ፣ የእኔን ልንገርህ። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነበርኩ። አንተ የጠቀስከው 1982 በእኛ 1974 እና 75 መሆኑ ነው፤ ልክ ያኔ። አሥራ አንድ ነበርን። መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ተቀባዮች። የምንዘፍነው የታዘዝነውን ነበር፤ ግን ልምምድ ሲያልቅ፣ አለቃው ሲወጣ፣ የራሳችንን እንጫወት ነበር። መሲንቆ ተጫዋቻችን አምባሰልን ሲመታ ሴቶቹ ተቀባዮች ዝም ይሉ ነበር፤ መቀበል አይችሉም።

አንድ ምሽት አንዱ ቴፕ ሪከርደር ተውሶ መጣ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ እኔ ከበሮው እንዳይውጠው ግድግዳው ጥግ ሄጄ መታሁ። አንድ ካሴት ሙሉ ቀዳን። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። መሲንቆ ተጫዋቹ ሄደ። ሁለቱ ተቀባዮች አገቡ። ቡድኑ ስሙ ነበር፤ ሰዎቹ ሌሎች ሆኑ።

ካሴቱን ያስቀመጠችው እህቴ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ጠየቅኋት፤ ሰጠችኝ። ከፍቼ ስሰማ የጎረቤት ሰርግ ተቀድቶበታል። መጨረሻው ላይ፣ ሰርጉ ካለቀ በኋላ፣ አርባ ሰከንድ ያህል የእኛ ቀርቷል። ከበሮዬ ይሰማል። መሲንቆው ሊጀምር ሲል ያልቃል።

ባስ ብቻ ፦ ጥቅምት 6፣ ምሽት 1፡30

ጋሼ፣ ያ አርባ ሰከንድ አሁንም አለ?

የድሮ ከበሮ ፦ ጥቅምት 6፣ ምሽት 1፡44

አለ። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ አድርጎልኛል።

ወልድያ በር ፦ ጥቅምት 6፣ ምሽት 2፡10

ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ አሸንፈውኛል። እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦ አራታችሁም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ተጫወቱ። ድራሙ ላይ ሁለት ማይክ ይበቃል፤ አንዱ እግሩ ጋ፣ አንዱ ከላይ። የጊታሩን አምፕሊፋየር ወደ ሌላ ክፍል አውጥታችሁ በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ቤዙ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይግባ። እሷ ኮሪደር ላይ ትቁም፤ በሩ ገርበብ ይበል፤ ከበሮውን ትየው። ድምጿ ላይ ድራም ጥቂት መፍሰሱ አይቀርም፤ ይፍሰስ። ሲያበቃ ግን ድምጿን ብቻዋን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቅዱ። እኔም ልረፍ፤ እናንተም ሁለት አማራጭ ይኑራችሁ።

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 4፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ከበሮ፣ የጻፉትን ለድራመሩ አነበብኩለት። ምንም አላለም፤ በማግሥቱ ግን የሚከራየውን ድራም ዋጋ ጠይቆ መጣ።

ያልፈታነው አንድ ችግር አለ። ቤታችን ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሩቅ አይደለም። አዛን ሲል ማቆም የሁልጊዜ ደንባችን ነው። ጎረቤት ለቅሶ ካለም አንነካውም። ግን ቀረጻ ሲሆን ሌሊቱ እንዴት ይበቃናል? ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድራም ከተመታ አባቴ ራሱ ይቀድመናል።

እትዬ ካሴት ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 4፡20

በየበሩ ሂዱና ንገሩ። በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡናም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን። "ሁለት ሌሊት ታገሡን፣ ከዚያ ልጅቷ ትሄዳለች" በሉ። የወሎ ሰው ሲለምኑት እንቢ አይልም፤ ሳይነግሩት ሲቀር ነው የሚቆጣው። አንዷ ጎረቤታችሁ መርቃ ባትሸኛችሁ እኔን ጥሩኝ።

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 5፡00

ግጥሙን ግን አላየንም። ቅኝቱ ተተነተነ፣ ማይኩ ተሰደረ፣ ከረባቱ ሳይቀር ተነገረ። የምትሉት ምንድን ነው?

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 5፡12

አብዛኛው ቀልድ ነው፤ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ሒሳብ ፈተና። የአንደኛው አምባሰል አዝማች ይኸውላችሁ፤ እሷ ናት የጻፈችው፦

ሐረጎ ላይ ሆኜ መለስ ብዬ ባይሽ፣
ጉሙ ቀድሞኝ ደርሶ ነጠላ አለበሰሽ።

እትዬ ካሴት ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 5፡18

"ሽ" በ"ሽ" ቤት መምታት ስንፍና ነው። ነጠላው ግን ያምራል።

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 5፡40

ደሴን ነው ወይስ ሰው የምትሰናበተው?

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 5፡43

ጠይቄያት "ደሴ ማለት ደስታዬ አይደል?" ብላ ዘጋችኝ።

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 9፣ ምሽት 5፡50

እንግዲያውስ ወርቁ አለ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ "ጉሙ" ላይ ስትደርስ አትሩጥ። ድራሙ እንደፈለገ ይሁን፤ እሷ እዚያች ቃል ላይ ትቆይ። አምባሰል መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ባስ ብቻ ፦ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2፡05

አንድ ታሪክ ልጨምርና ወደ ሥራዬ ልሂድ፤ ቦርከና ሥራ አለኝ። በዝኮክስ የሚባሉ የእንግሊዝ፣ የማንቸስተር አካባቢ ልጆች ነበሩ፤ ፖፕ ፓንክ ለሚባለው ሁሉ አያት ናቸው ብል አላጋነንኩም። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1976 ከዘመድና ከጓደኛ 500 ፓውንድ ተበድረው አራት ዘፈን በአንድ ቀን ቀዱ፤ ጥር 1977 ራሳቸው አሳተሙት። ወዲያው ድምፃዊያቸው ሃዋርድ ዲቮቶ ባንዱን ትቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

እነሱም የጉም በሙጋድ ጥያቄ ነበረባቸው፤ አሁን ማን ይዝፈን? ሌላ ዘፋኝ አልፈለጉም። ጊታር የሚጫወተው ፒት ሼሊ ማይኩን ያዘ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ የጉልቤ ድምፅ አልነበረም። በ1978 ሙሉ የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው። ዛሬ ሰው በዝኮክስ ሲባል በጆሮው የሚመጣለት እሱ ነው።

ከማይሎ ባንድም እንዲሁ ሁሉም አልጠፋም። ድራመሩ ቢል ስቲቨንሰን ለጥቂት ዓመታት ብላክ ፍላግ ከሚባል ባንድ ጋር ተጫወተ፤ በ1985 ማይሎ ተመልሶ ሁለተኛውን አልበም አወጡ። ማይሎ ትምህርቱን አልተወም፤ በባዮሎጂ ዶክትሬቱን ይዞ ለዓመታት የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኖ ሠርቷል፤ እየተመላለሰም ይዘፍን ነበር። ጊታሪስቱ ፍራንክ ናቬታ ግን የሙዚቃ ዕቃውን አስወግዶ ኦሬጎን ወደሚባል ግዛት ሄዶ ዓሣ አጥማጅ ሆነ።

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2፡20

ከባንዱ ሁሉ አስተዋዩ እሱ ነው። ሐይቅ ቢመጣ ጀልባ አለን።

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 10፣ ምሽት 1፡00

ባስ ብቻ፣ ነገሩን ወዴት እንደምትወስደው ገብቶኛል። እኔ አልዘፍንም። እናቴ እንኳ "አንተ ልጅ ዝም ብለህ ምታ" ትለኛለች።

ቦርከና ፦ ጥቅምት 10፣ ምሽት 1፡02

የሼሊ እናት ምን ብላ እንደነበር ማን ያውቃል።

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 27፣ ሌሊት 6፡30

ቀዳን።

ሁለት ሌሊት ፈጀብን። እትዬ እንዳሉት በየበሩ ሄድን። አንዲት እናት ዳቦውን ተቀብለው መርቀውን ሲያበቁ "ለሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነ ለምን ሁለት ዓመት አስቀደማችሁት?" አሉን። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሦስት ሰዓት ላይ ጠፋ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰ፤ ሁላችንም ኮት ለብሰን እንቅልፍ ወስዶን ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚሉት እውነት ነው፤ የድራመሩ ጣት ደንዝዞ ዱላው ሁለት ጊዜ አምልጦት ወደቀ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ይሰማል፤ አላወጣነውም።

ሁለተኛው ሌሊት ግን ስምንቱን ዘፈን በአንድ ትንፋሽ ጨረስን። ዘጠኙ ተደምሮ 19 ደቂቃ ነው። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከበሮውን እያየች ዘፈነች። ሐይቅ ዳር፣ "ጉሙ" ላይ ቆየች። ድራመሩ መጠበቅ ስላልለመደ አንድ ምት ሳተ፤ እሱም ይሰማል።

የሰባተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ፣ ጊታሩ እየጠፋ ሲሄድ፣ ከሩቅ የንጋት አዛን ይጀምራል። ሰዓቱን አላየንም ነበር። ማቆም ነበረብን፤ ቆምን። ያንን ዘፈን እንደገና እንድንቀዳ ጠየቅኋት። "እንዲሁ ይቅር፤ ጅማ ሆኜ ስሰማው የት እንደነበርኩ ይነግረኛል" አለች።

ትናንት ንጋት ላይ መናኸሪያ ሸኘናት። ፎቶ አይኖርም፤ ድራመሩ ሻንጣዋን በእስክርቢቶ ስሏታል። እናቷም በመጨረሻ ሰምተዋል። መዝሙር አለመሆኑን ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል።

ቴሌግራም ላይ ነገ እንለቀዋለን።

የድሮ ከበሮ ፦ ጥቅምት 27፣ ጠዋት 1፡10

እንኳን ደስ ያላችሁ። በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡት። አንዱን ለእህት ስጡ፤ ግን ሰርግ የሌለባት እህት ትሁን።

ወልድያ በር ፦ ጥቅምት 29፣ ምሽት 2፡15

ሰማሁት። ቤዙ በዝቷል፤ ድራሙ ከላይ ያለው ማይክ ጥሩ ነው፤ ድምጿ ግሩም ነው። ፋይሉን ላክልኝና ቤዙን ልቀንስልህ፤ ገንዘብ አልቀበልም።

ባስ ብቻ ፦ ጥቅምት 29፣ ምሽት 2፡17

ቤዙ አልበዛም።

ሐይቅ ዳር ፦ ጥቅምት 29፣ ምሽት 3፡40

አራተኛውን አምስት ጊዜ ሰማሁት። አምባሰል ነው ለማለት ገና አፌ አልተፈታም። አይደለም ለማለትም አልቻልኩም። ስድስተኛውን ለልጄ ከፈትኩለት፤ ሶፋው ላይ ዘለለ።

ቦርከና ፦ ጥቅምት 30፣ ቀን 7፡05

ዘጠኝ ብላችሁ ነበር። የተለቀቀው ዝርዝር ላይ አሥር ነው። አሥረኛው ላይ የሚዘፍነው ማን ነው?

ጉም በሙጋድ ፦ ጥቅምት 30፣ ቀን 8፡50

እኔ ነኝ። እሷን ከሸኘን በኋላ የድራሙ ኪራይ እስከ ማታ ነበር።

ቦርከና ፦ ጥቅምት 30፣ ቀን 8፡53

ገምቼ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ አይሰማም፤ አፍህን ከማይኩ ትንሽ አርቀህ ድገመው።